ወንጪ በአንድ ቀን? መጀመሪያ አልጋ ያዙ

ከጅማ የደረሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ጥር 15 ላይ 14 ሆነን በአንድ ዶልፊን ወንጪ ለመሄድ አስበናል። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተን ማታ እንመለሳለን። ፈረስ፣ ጀልባ፣ ፍል ውሃ፣ ዋና፣ ሁሉንም መሞከር ነው የምንፈልገው። ሦስታችን ጊቤ ወንዝ ላይ ያደግን ጎበዝ ዋናተኞች ነን። ሐይቁ ተራራ ላይ ስለሆነ ቢልሃርዚያም አዞም የለበትም፣ ፍል ውሃ ስላለው ደግሞ ሞቅ ይላል ሲባል ሰምተናል። 2 ልጆች (6 እና 9 ዓመት) እና የ61 ዓመት እናቴም አብረውን አሉ። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ምን እንያዝ?»

ምን እንያዝ ላልከው፣ መጀመሪያ የምትይዙት አልጋ ነው። ወሊሶ ላይ፣ ለሁለት ሌሊት። እሱ ካልተቻለ ወንጪን ለሌላ ጊዜ አቆዩትና እዚያው ጅማ ዙሪያ ዋሉ። የት እንደምትውሉ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ አይቻልም እያልኩ አይደለም። ይቻላል። እኔም ሰው መምራት የጀመርኩ ሰሞን አድርጌዋለሁ፣ አልደግመውም እንጂ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከጅማ ወሊሶ ወደ 235 ኪሎ ሜትር ነው። ከወሊሶ ታጥፋችሁ ወንጪ ለመድረስ 38 አካባቢ ይጨመርበታል። ደርሶ መልሱ ከ540 አለፈ። መንገዱ ደግሞ ካርታ ላይ እንደምታየው መስመር አይደለም፤ ሰኮሩ አለ፣ አባልቲ አለ፣ ጊቤ ድረስ ቁልቁል ወርዶ መልሶ መውጣት አለ፣ መሃል ላይ ከብቱ፣ ባጃጁና የገበያው ሰው አለ። በደህና ቀን 6 ሰዓት ያዙለት። ሌሊት 10 ብትነሱ ጠዋት 4 ሰዓት ትደርሳላችሁ። ሐይቁ ዘንድ መውረድ፣ በጀልባ ደሴቱ ጋ መሻገር፣ ከዚያ ፍል ውሃው፣ ከዚያ ዳገቱ፣ ልጆችና እናት ተይዞ ይሄ ሁሉ 5 ወይም 6 ሰዓት ይፈጃል። በቃ፣ 10 ሰዓት ሆነ። ምሳም አልበላችሁም። ከዚያ ስትነሱ የጊቤን ጠመዝማዛ የምታገኙት ሲጨልም ነው፣ ጅማ የምትገቡት ደግሞ ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ነገር ከተስተካከለ።

አሁን ሹፌሩን አስቡት። 12 ሰዓት መሪ ላይ፣ 18 ሰዓት ያለ እንቅልፍ። «ችግር የለም፣ ቅሞ ይነዳል» የሚል መልስ ጅማ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልነግርህም። ምርቃና ዓይን ይከፍታል እንጂ ድካም አያስቀርም። እንዲያውም የሚያስፈራው ሲወርድ ነው፤ ሹፌሩ ነቅቻለሁ ብሎ ያስባል፣ እጁና እግሩ ግን ዘግይተዋል፣ ይሄ ደግሞ የሚመጣው ልክ አባልቲን እየወጣችሁ፣ ሁላችሁም ኋላ ተኝታችሁ ሳለ ነው። በቀን ተጓዙ። የሌሊት ጉዞውን ሰርዙት።

ቀኑንም ቀይሩት። ጥር 15 ቅዱስ ቂርቆስ ነው። ደሴቱ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ወንጪ ቂርቆስ ይባላል። ለንግሥ የምትሄዱ ከሆነ መልካም፣ ከምእመኑ ጋር ተሻገሩ። ለመዝናናት ከሆነ ግን የዚያን ዕለት ጀልባው የእናንተ አይደለም። ሰልፍ ነው፣ ግፊያ ነው፣ «አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ሰው ብቻ» እየተባለ ከልኩ በላይ የሚጫንበት ቀን ነው። ልጆቹ የሴሚስተር እረፍት ሲወጡ በአዘቦት ቀን ብትሄዱ ይሻላል። ጥርም ሆነ የካቲት መጀመሪያ ደረቅ ነው፣ መንገዱ አይንሸራተትም፣ ሰማዩ ጥርት ይላል። ብርዱ ግን ብርድ ነው፤ ሌሊት ውርጭ ሊጥል ይችላል።

ወደ ዋናው እንምጣ። ከጥያቄህ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ቢልሃርዚያን በተመለከተ የሰማችሁት ወደ እውነቱ ይጠጋል። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ብርድ አይወድም። በአገራችን በሽታው በብዛት የሚታየው ከ2,200 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ነው፣ የወንጪ ሐይቅ ደግሞ ወደ 2,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው። አዞም የለም። አዞና ጉማሬ ያለው እናንተ ያደጋችሁበት ጊቤ ውስጥ ነው፤ እዚያ መዋኘታችሁን ነው እኔ የምፈራው፣ ግን እሱ ለሌላ ቀን ይቆይ። ስህተቱ ያለው «ሞቅ ይላል» የምትለዋ ላይ ነው። ፍል ውሃው ያለው ከሐይቁ ወጣ ብሎ ሸለቆው ውስጥ ነው። እግር የሚነከርበት፣ ለጠበል ሰው የሚሄድበት ትንሽ ምንጭ ነው። ያን የሚያህል ሐይቅ አያሞቅም። እሳተ ገሞራውም ከፈነዳ ብዙ ዘመን አልፎታል፣ ሐይቁን ከሥር የሚያሞቅ ምድጃ አይደለም። ሐይቁ ቀዝቃዛ ነው፣ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ቀዝቃዛ ነው።

የጊቤ ልጅነታችሁ እዚህ ላይ ያታልላችኋል። ነገሩ የሚገርመው፣ ከወንጪ የሚወጣው ውሃ በዋልጋ ወንዝ አድርጎ የሚገባው ጊቤ ነው፣ ስለዚህ ዝምድና አላችሁ። (ጎረቤቱ የደንዲ ሐይቅ ግን በሁሉቃ በኩል ወደ አባይ ነው የሚሄደው። ሁለት አጠገብ ለአጠገብ የሚኖሩ ሐይቆች፣ የአንዱ ውሃ ቱርካና፣ የሌላው ሜዲትራንያን። ይሄን ባወራሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።) ግን እናንተ የለመዳችሁት ውሃ ከወንጪ ከ1,500 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ አየሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ይለያያል። ጊቤ ሸለቆ ላብ በላብ የሆነ ሰው ወንጪ ላይ ጋቢ ይፈልጋል። ውሃውም እንደዚያው ነው።

ሰው ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚሆነውን ልንገርህ። ሳይፈልግ በኃይል ወደ ውስጥ ይተነፍሳል። በዚያች ቅጽበት ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ቀጥሎ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ልቡ ይመታል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ይሄ ሁሉ ከዋና ችሎታ ጋር አይገናኝም፤ ጎበዙም ሰነፉም እኩል ነው። ትንፋሹ ቢረጋለት እንኳ ትንሽ ቆይቶ ክንድና እግሩ መታዘዝ ያቆማሉ። በዚያ ላይ ከፍታው አለ፤ እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ደግሞ የሐይቁ ቅርጽ አለ። የእሳተ ገሞራ አፍ ነው፣ እንደ ድስት ጎኑ ቁልቁል ነው። ዳር ላይ ጉልበትህ የደረሰ ውሃ ጥቂት ከራቅህ መሬት የለውም።

አንድ ጊዜ እኔ ይዤው የሄድኩት ጎረምሳ፣ ፈርጣማ፣ ሲዋኝ ያደገ፣ ከዳር ዘሎ ገባ። ስንስቅ ነበር። 15 ሜትር ሳይርቅ ዞሮ አየን፣ ፊቱ ተለወጠ፣ መጮህ አልቻለም። ጀልባ ላይ የነበረ የአካባቢው ልጅ ገመድ ወርውሮ ጎትቶ አወጣው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ «አትግባ» ማለት ሲገባኝ ካሜራ ይዤ ቆሜያለሁ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር የሄደ ሰው ወንጪ ውስጥ ዋኝቶ አያውቅም። እናንተም አትዋኙ። የጎማ ከመነዳሪ ይዘን ብንሄድስ እንዳትሉኝ፤ ንፋስ ገፍቶ መሃል ካደረሰው መልሶ የሚያመጣው የለም። መዋኘት አምሮን መጣን የምትሉ ከሆነ ወሊሶ ፍል ውሃ አለ። ልጆቹም እዚያ ይንቦጫረቁ፣ እናንተም።

ጀልባው ደስ ይላል፣ እንዳያመልጣችሁ። ሁለት ነገር ብቻ። ላይፍ ጃኬት በሰው ቁጥር ካልተቆጠረ አትሳፈሩ፣ ለልጆቹ ደግሞ ልካቸው መሆን አለበት፤ የትልቅ ሰው ጃኬት የ6 ዓመት ልጅ ላይ ከውሃ ሲገናኝ በጭንቅላቱ ሾልኮ ይወጣል። 14 ሆናችሁ በአንዴ አትጫኑ፣ ተከፋፈሉ። ሁለተኛው፣ ጠዋት ተሻገሩ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ሐይቁም ይናወጣል። አንድ ክዳኑ የተጠበቀ ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን በገመድ አስራችሁ ያዙ። ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ተከትሎ መዝለል የለም፣ ጀሪካኑን ትወረውሩለታላችሁ፣ ያቅፈዋል፣ ትጎትታላችሁ። 3 ዋናተኞች ስላላችሁ ነው ይሄን የምደግመው፤ ለማዳን ዘሎ የገባ ዋናተኛ ነው ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ሬሳ የሚሆነው።

ደሴቱ ላይ ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ያስፈልጋል፣ ፎቶ ከማንሳት በፊት ይጠየቃል። ይሄን ታውቁታላችሁ።

ፈረስ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ፈረሱን ለአንድ መንገድ ብቻ ይከራይና ቁልቁለቱን በፈረስ ወርዶ ዳገቱን በእግሩ ሊወጣ ይፈልጋል። ተገላቢጦሽ ነው የሚሻለው። ቁልቁል ላይ ክብደትህ ወደ ፈረሱ አንገት ይሄዳል፣ ኮርቻው ወደፊት ይንሸራተታል፣ ፈረሱ ትንሽ ከተሰናከለ አንተ ከፊቱ ትገኛለህ። ስለዚህ በእግር ውረዱ፣ በፈረስ ውጡ። ከመውጣታችሁ በፊት ኮርቻውን ያሰረውን ጠፍር እጃችሁን አስገብታችሁ ፈትሹ፣ ከላላ ባለቤቱ ያጥብቀው። እርካቡ ውስጥ የእግራችሁን ፊት ብቻ አስገቡ፤ ሙሉ እግሩን ያስገባ ሰው ሲወድቅ ፈረሱ ይጎትተዋል። ልጆቹ ላይ ባለቤቱ ልጓም ይዞ ይምራ፣ ብቻቸውን አይለቀቁ፣ ሁለቱን በአንድ ፈረስ ላይ አታፈናጥጧቸው። ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ካያችሁ አትቀበሉ። ይሄ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የቆሰለ ፈረስ ኮርቻ ሲነካው ይራገጣል።

ፈረሱንና መሪውን የአካባቢው ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው በተራ ነው የሚመድቡት። ዋጋውን መግቢያው ላይ ጨርሱ፣ መንገድ ላይ ተጎትቶ «እኔ በርካሽ» ከሚል ሰው ጋር አትውረዱ። ቲክቶክ ላይ ያያችሁትን ዋጋ እርሱት። ወንጪ ከገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ወዲህ ሌላ ቦታ ሆኗል፤ መንገዱ ተሻሽሏል፣ ሎጅ ተሠርቷል፣ በፈረንጆቹ 2021 ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ዋጋ ባለበት አይቆምም። እናንተ ግን አንድ ነገር ትበልጣላችሁ፤ አፋን ኦሮሞ የሚችል ከመሃላችሁ አይጠፋም። «አከም ጅርቱ» ብሎ የገባ እንግዳና «ሄሎ» ብሎ የገባ እንግዳ አንድ ዋጋ አይነገራቸውም፣ እውነቱን ለመናገር።

እናትህ ጋ ስንመጣ። ከፍታው በራሱ ለአንድ ቀን ውሎ የሚያስቀር አይደለም። ከ2,500 ሜትር በላይ አንዳንድ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ የጅማ ሰው ደግሞ 1,780 ሜትር ላይ ስለሚኖር ከባሕር ዳርቻ እንደመጣ ሰው ባዶውን አይደለም። የሚከብዳቸው ከፍታው ላይ ተጨምሮ ዳገቱ ነው። ሐይቁን የከበበው ገደል አፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ ከሐይቁ እስከዚያ ያለው አቀበት ጎረምሳውንም ያስተነፍሳል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የሚከታተሏቸውን ሐኪም አስጠይቋቸው፣ መድኃኒታቸውን መንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግረኝ ብለው እንዳይዘሉት። ብዙ እናቶች ይሄን ያደርጋሉ፣ ለልጆቻቸው ሳይናገሩ። ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ከሆነ ሹፌሩ የሚቆምባቸውን ቦታዎች አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ውሃም ይጠጡ። ሐይቁ ዘንድ አይውረዱ። ገደሉ አፍ ላይ ሆነው ከሥር ሐይቁን፣ ደሴቱን፣ ዙሪያውን የእንሰቱን ማሳ ያያሉ። ከታች ከሚታየው እሱ ይበልጣል፣ ይሄን ለማባበል አይደለም የምለው። አንድ ሰው ግን አብሯቸው ይቅር፣ በተራ። ደረታቸው ላይ የሚጫን ነገር፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለ ፎቶው ይቅርና ወዲያው ወሊሶ ሐኪም ቤት። ነጭ ሽንኩርት ማኘክ ለከፍታ መድኃኒት አይሆንም።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ሲነጋ፣ ከጅማ እነሳለሁ። ጊቤን በብርሃን እሻገራለሁ፣ ወልቂጤ ላይ ምሳ፤ ጉራጌ አገር ገብቶ ክትፎ ሳይበሉ ማለፍ ነውር ነው፣ ጾም ከሆነ ግን ጾም ነው። ከሰዓት ወሊሶ ገብቼ ልጆቹን ፍል ውሃ፣ እናቴን አረፍ። ወሊሶ 2,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ለመተኛትም ከገደሉ አፍ ይሻላል፣ ብርዱም ይቀላል። በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቼ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቁልቁለቱን እጀምራለሁ። ጀልባ፣ ደሴት፣ ፍል ውሃ፣ ከዚያ በፈረስ ወደ ላይ። 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ጨርሻለሁ፣ ተመልሼ ወሊሶ አድራለሁ። በሦስተኛው ቀን ቁርስ በልቼ ቀስ ብዬ ጅማ። አንድ ሌሊት ብቻ ነው አቅማችን ካላችሁ ደሴቱን አስቀሩት፤ ገደሉን ዙሩ፣ ፈረስ ጋልቡ፣ 6 ሰዓት ላይ ወንጪን ለቅቃችሁ ውጡ፣ ጨለማው ጅማ በር ላይ ያግኛችሁ።

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ደግሞ እዚያው ዋሉ። ጠዋት ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ልጆቹ አይተውት ካላወቁ። ከዚያ በአጋሮ መስመር ሳይሆን በቦንጋው መንገድ ወጥታችሁ «በለጠ» የሚባለው ጫካ ግቡ፣ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ታያላችሁ፣ ከሥሩ ቡናው አለ፣ ጥላው ራሱ ሽርሽር ነው። ሲመሻሽ ቦዬ ላይ ጉማሬ። ቦዬ ላይ ግን ከመንገዱ ዳር ሆኖ ማየት ነው። ጉማሬ አመሻሽ ላይ ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ በእሱና በውሃው መሃል ቆሞ ያገኘውን ሰው አይምርም። ከሩቅ ሲታይ ሰነፍ ይመስላል፣ ሲሮጥ ግን ከአንተ ይፈጥናል።

ለወንጪ የምትይዙት ብዙ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሰው ጃኬት፣ ለእናትህ ጋቢ፣ ለልጆቹ ቅያሪ ካልሲ፣ የፀሐይ ኮፍያ (ብርድ ነው ብለው የተቃጠሉ ፊቶች ስንት አይቻለሁ)፣ በቂ ውሃ፣ ቡና በፔርሙዝ። ሶል ያለው ጫማ እንጂ ሸበጥ አይሆንም። ለስንቅ ጩኮ የሚያክል የለም፣ ትንሽ በልተህ ዳገት ያስወጣሃል። መጠጡን ወሊሶ ማታ ላይ አድርጉት፣ ፈረስና ጀልባ ላይ አይሁን። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት ወሊሶ አልጋ የያዛችሁበት ቦታ ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታና ሰላሙን ጠይቁ። «እስቲ ወጣ በሉና እዩ» ካሏችሁ አትውጡ፤ «ሰው እየመጣ ነው፣ ኑ» ሲሏችሁ ነው መነሳት።